መዳቡ ይቅደም

ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ወጥቼ በጽድ ዛፎች መካከል ቁልቁል ስወርድ ከአንድ ወጣት ጋር መንገድ ገጠመን። ሳጥን አቅፏል፤ ላግዝህ ስለው እንደ አራስ ልጅ ሳስቶለት እምቢ አለኝ። ስሙ ወልደ ሐዋርያት ነው፤ ከባሕር ማዶ ዓደን ከተማ ከአንድ የግሪክ አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ተምሮ መመለሱ ነበር። የሚሄደውም ወደ አንጥረኞች አለቃ ወደ ዓምደ ሚካኤል ቤት ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራ የፈታ ጸሐፊ ደግሞ ወሬ አያመልጠውም፤ ተከተልሁት።

አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን የብር መስቀል ወርቅ ሊያለብሱ ተሰናድተዋል። ወርቁን ባዜቃ በሚባለው እንደ ውኃ በሚፈስ ብረት አሟሙተው ይቀቡታል፤ እሳት ሲያገኘው ባዜቃው ጢስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ ግን ሁሉም ወደ ሰማይ አይሄድም። የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ወናፍ የምትነፋው ልጃቸው የማርያምወርቅም ድዷ መድማት ከጀመረ ሰንብቷል።

ወልደ ሐዋርያት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «አባቴ፣ ይህን ጢስ ይተዉት። ልጅዎን የሚያሳምማት እሱ ነው» አለ።

«የልጄ ሕመም የአንጥረኛ ዕጣ ነው። አባቴም የሞተው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ደግሞስ ወርቅ ያለ እሳት በብር ላይ ተቀመጠ ሲባል የት ሰምተሃል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወርቅ በሟሟበት ውኃ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ነው።»

«ያንተስ ውኃ መርዝ የለበትም?»

«አለበት፤ አልዋሽዎትም። በእጅ አይነካም፤ ሎሚም አይጠጋውም፤ ኮምጣጣ ሲነካው የሚገድል ትንፋሽ ያወጣል። ደጅ ነው የምንሠራው። ግን እሳት ስለማያየው እንደዚህ ጢስ ልጅዎን በትንፋሽ አይከተላትም።»

አለቃ ልጃቸውን አዩዋት። «እስቲ አሳየኝ፤ ካልሆነ ወደ ወናፉ እንመለሳለን» አሉ።

ከሳጥኑ የወርቁ ውኃ በጠርሙስ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ መስተዋት የለበሰ ባለ መርፌ መለኪያና አንድ ወፍራም የመዳብ ቁራጭ ወጣ። ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ወርቁ ይጠቁራል፤ ሲያንስ አይይዝም፤ ስለዚህ ይለካል። ወጣቱ መስቀሉን ሊያጥብ ዘወር ሲል አለቃ ሥራውን በአገራችን ሥርዓት ጀመሩት። በእኛ ዘንድ ጌታ ይቀድማል፣ ሎሌ ይከተላል። ስለዚህ ያንን የከበረ መለኪያ በጨርቅ ላይ አስቀምጠው የባትሪውን ወፍራም ሽቦ በእሱ ላይ አሰሩ፤ መዳቡን «ሎሌው ይቆይ» ብለው ሣር ላይ ጣሉት። ሁለተኛውን ሽቦ ሊያስጠጉ ሲሉ ወጣቱ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«አባቴ፣ ይተዉት! ይህ ከተቃጠለ ሌላ የለንም፤ ወደ ጢሱ መመለሳችን ነው።»

«ምን አጠፋሁ? ጌታ ሳለ ሎሌ ይቀድማል እንዴ?»

«እዚህ ይቀድማል። የመለኪያው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ኃይሉን ሁሉ አይችልም። ሸክሙን የሚሸከመው ይህ ሻንት የሚሉት መዳብ ነው። ቀበናን ለመለካት ወንዙን በሙሉ በጠባብ ቦይ ይለቁታል?»

«ቦዩ ይፈርሳላ!»

«ጥቂት ብቻ ይቀዱለታል፤ ከጥቂቱም ብዙው ይታወቃል። ስለዚህ ወፍራሞቹ ሽቦዎች አስቀድመው ከመዳቡ ጫፍና ጫፍ ይታሰራሉ። መዳቡም በባትሪውና በመስቀሉ መካከል፣ መንገዱ ላይ ይቆማል። የመለኪያው ቀጫጭን ሽቦዎች ከዚያ ወዲህ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው በራሳቸው ብሎን ይታሰሩ። ከወፍራሞቹ ጋር በአንድ ብሎን ከታሰሩ የማሰሪያው መላላት ይጨመርና መርፌው ይዋሻል። ባትሪው ሲታሰር መጨረሻ፣ ሲፈታ መጀመሪያ ነው።»

አለቃ ቃሉን እንደ ዳዊት አስደገሙትና ራሳቸው አሰሩ። ብሎኖቹን ግን እጃቸው እምቢ ስላላቸው ያጠበቀችው የማርያምወርቅ ናት። መስቀሉ ከወርቁ ውኃ ገብቶ ባትሪው ሲገናኝ መርፌው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከምልክቱ ላይ ቆመ።

ነጩ ብር ደብዘዝ አለ፤ ከዚያ ገርጣ አለ፤ ኋላም ያለ ጢስ፣ ያለ ድምፅ፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ ወርቅ ለበሰ። እግዚኦ አልሁ። በብራና ብዙ ተአምር ገልብጫለሁ፤ በዓይኔ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ወጣቱ ተአምር አይደለም፣ ትምህርት ነው ቢለኝም ያን ጊዜ አልሰማሁትም።

አለቃ ዕንባቸው መጣ። «አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ባዜቃ እሳት አያይም። ሌሎቹንም አንጥረኞች ጠርቼ አሳያቸዋለሁ፤ እጃቸው ለእርጅና ይትረፍላቸው፣ ልጆቻቸውም በጤና ይደጉ።»

«እኔስ ታዲያ» አለች የማርያምወርቅ፣ «ወናፍ ካልነፋሁ ምን ልሥራ?»

«መርፌውን ጠብቂ፤ ብሎኑንም የምታስሪው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሙያዬን ውረሺ፣ ልጄ፤ ሕመሜ ከእኔ ጋር ይቅር።»