ባቡሩ ሳይቆም

ወዳጅ ዘመዶች፣ በመሥሪያ ቤትም በቤተሰብም "ጋሽ ሳይቆም" እያልን ስንጠራቸው የኖርነውን የባቡር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም መሐንዲስ ዜና ሕይወት እኔ የባለቤታቸው ወንድም በአጭሩ አነብላችኋለሁ፤ እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ግን ድምፄ ቢዘጋ የሚተካኝ ሌላ አንባቢ ከጎኔ ሳያቆሙ አያስጀምሩኝም ነበር።

ጋሽ ሳይቆም ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። እናታቸው ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረባቸው፣ የልጃቸው የሸሚዝ ቁልፍ ሲበጠስ ሳያስወልቁ እላያቸው ላይ ይሰፉላቸው ነበርና፣ ሕፃኑ ጋሽ ሳይቆም መርፌው እንዳይወጋቸው ትንፋሻቸውን ውጠው እየጠበቁ፣ በሥራ ላይ ያለ ነገር ሳይቆም ሊጠገን እንደሚችል፣ ለዚህም ትክክለኛዋን ቅጽበት ማወቅ እንደሚያስፈልግ ገና በልጅነታቸው ተረዱ።

ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቅቀው በባቡር ድርጅት መቆጣጠሪያ ክፍል ሲቀጠሩ፣ ሥራቸው ባቡሮቹን የሚመራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ባቡሮቹ ሰው ጭነው እየሄዱ ሳለ፣ በአዲስ መተካት ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራቸው አሮጌው ሥልጣኑን ሳያስረክብ አዲሱን ስላስጀመሩት፣ ሁለቱም "አለቃው እኔ ነኝ" ብለው አንዱ በር ክፈት ሌላው ዝጋ ሲሉ፣ ሊመርቁ የመጡት ሥራ አስኪያጅ ካፖርታቸው በባቡሩ በር ተይዞ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ አረፈዱ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሳይቆም ሕግ አወጡ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሆኖ ያዳምጥ፣ ትእዛዝ ግን አይስጥ፤ ርክክቡ ባቡሮቹ ትእዛዝ በማይጠብቁባት ቅጽበት ይፈጸም፤ አሮጌውም አዲሱ እስኪታመን ድረስ ለመመለስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ሥራ አስኪያጁም አዲስ ካፖርት ለብሰው ይቅር አሏቸው።

መምህርት የሆኑትን ታላቅ እህቴን ሲያገቡ ሕጋቸውንም ይዘው ገቡ። አዲስ ፍሪጅ ተገዝቶ ከአሮጌው ጎን ተተክሎ፣ ሁለቱ ሲያጉረመርሙ ከረሙ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናታችን ከሶፋው አልነሳም ሲሉ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቀው ያረጁትን የሶፋውን እግሮች አንድ በአንድ ቀየሩ፤ እናታችንም ነቅተው "ምነው ወለሉ ራቀኝ?" አሉ። እህቴም "ባሌን ልቀይር ብልስ ተጠባባቂ ከጎኑ ማቆም ይፈቀድልኛል?" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ፤ ሴቷም የአባቷን ሙያ ይዛ እዚያው መቆጣጠሪያ ክፍል ገባች። ጋሽ ሳይቆም ልባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ አንድ ሥጋት ቀራቸው፤ በጎልማሳነታቸው የጻፉት ዋናው ፕሮግራም አርጅቶ ነበርና፣ እሳቸው ሳይኖሩ ሲተካ ባቡሩ ይቆማል ብለው ፈሩ። ልጃቸው አዲሱን ሠርታ የርክክቡ ቀን ሲደርስ፣ መድኃኒታቸውን እንኳ እንቢ ብለው፣ ቤቱን ሁሉ ጸጥ አሰኝተው፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አቁመው በቤታቸው አጠገብ የሚያልፈው ባቡር ድምፁ ይቋረጥ እንደሆነ ሲያዳምጡ ዋሉ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ "እስካሁን ሳትቀይሪው ምን ታደርጊያለሽ?" ብለው ተቆጧት። እሷም ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ተቀይሮ ማለቁን ነገረቻቸው። "እኔ ሳልሰማ?" ብለው ጥቂት አኮረፉ፤ ከዚያም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ቀጥሎም አለቀሱ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉት ርክክቡን ማንም እንዳይሰማ ነበርና።

አሮጌው ፕሮግራም ግን በሕጋቸው መሠረት በተጠንቀቅ ይጠብቅ ነበር። ከቀናት በኋላ ልጃቸውን ጠርተው፣ እጇን ይዘው፣ "ያንቺው በደንብ እየሄደ ነው፤ የኔን አሁን አጥፊው" አሏት። ጠፋ። በማግሥቱ እሳቸውም በሰላም አንቀላፉ። ባልደረቦቻቸው ለክብራቸው ባቡሮቹን ለአፍታ እናቁም ቢሉ፣ ልጃቸው "ከሬሳ ሣጥናቸው ተነሥተው ይቆጡናል" ብላ ከለከለች።

ጋሽ ሳይቆም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሶፋዋን ዛሬም የማይለቁትን አማታቸውን፣ እንዲሁም እስካሁን የሚሠሩ ሁለት ፍሪጆችን ትተውልን ሄደዋል። አምላክ በሕይወታቸው አረፍ ብላ የማታውቀውን ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ተጠባባቂ የሌላቸውን እህቴንም ያጽናናልን። እኛ ለአፍታ ቆመን እናስባቸው፤ ባቡሩ ግን፣ እንደምትሰሙት፣ እየሄደ ነው።