የቀርከሃው ፍሬ

ወደ ሆሞሻ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠ አስተማሪ፣ ከሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ ሚሳኤል ከባሕር ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ከጎኑ ላሉት ሽማግሌ በስልኩ ያሳያቸዋል።

«እሳቱን ውሃው እንዴት አላጠፋውም፣ መምህር?»

«ውሃ ውስጥ መቼ ተለኮሰና፣ አባቴ። የታመቀ አየር ገፍቶ ያወጣዋል፤ የሚለኮሰው ከወጣ በኋላ ነው።»

«በልጅነታችን ቀርከሃ ውስጥ ፍሬ ከተን እፍ እንል እንደነበረው ነዋ።»

«እንደሱ ነው።»

«ሚሳኤሉ የነበረበት ቦታ ባዶውን ይቀራል?»

«ውሃ ይሞላዋል፤ መርከቡ ቀልሎ ወደ ላይ እንዳይነሳ።»

«መርከቡ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚያርፍበትን ያያሉ?»

«አያዩም። ሩቅ ነው።»



«እኛ እንኳ ፍሬው የመታውን ልጅ እናየው ነበር። ሲያለቅስ እንተው ነበር።»

ሳይታወቀኝ እጄ ቅንድቤ ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ ዳሰሰ።