ራዲያተር የሚፈላበት ቤት

(መቂ ሊገባ ጥቂት ሲቀር፣ በድሮው የሻሸመኔ መንገድ ዳር፤ ትርሲት መኪናዋን ከእትዬ ዘርፌ ምግብ ቤት ፊት ለፊት አቁማ አልወርድም ብላለች፤ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት ያለፏቸው አባቷ አቶ ምንውዬለት ከጎኗ ተቀምጠው ይለማመጧታል።)

ትርሲት፦ አልወርድም አልኩ፣ አባዬ! ፈጣን መንገዱን አስትተህ በዚህ ጉድጓድ ለጉድጓድ ያመጣኸኝ ለጥብስ መስሎኝ ነበር።

ምንውዬለት፦ ጥብሱም አለ። መጀመሪያ ገብተሽ ጉዳዬን ተናገሪልኝ፣ ከዚያ ትበያለሽ።

ትርሲት፦ ለገዛ አባቷ ሚስት የምትለምን ልጅ የት አገር ታየች? ሽማግሌ ጠፋ?

ምንውዬለት፦ ሽማግሌማ ልኬ ነበር። ክትፎ አብልታ መለሰቻቸው። ስለ ክትፎው እንጂ ስለ እኔ ጉዳይ የሚነግረኝ አጣሁ!

ትርሲት፦ እሷስ ምን አለች?

ምንውዬለት፦ “ትርሲት ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ፤ ልጅ ያኮረፈበት ቤት አልገባም” አለች።

ትርሲት፦ እትዬ ዘርፌ ድሮም ብልህ ነበረች። እንግዲያው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጆች ሆነን አያቴ ጋ ስንሄድ፣ ያቺ ፔጆ መኪናህ በየዓመቱ እዚህ በር ላይ ነበር የምትፈላው።

ምንውዬለት፦ አሮጌ ነበረቻ።

ትርሲት፦ ኮፈኑን ከፍተህ “ወይ ጉድ! ውሃ ጨርሳለች፤ እስክትበርድ ልጆቹ ትንሽ ይቅመሱ” ትል የነበረው እትዬ ዘርፌን ለማየት ነው?

ምንውዬለት፦ በስመ አብ! ባሏ ድንቁ እኮ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ያውም ሥጋ ቆራጭ! ይህን የሚያህል ቢላ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔ ሚስቱን የማይ? ነፍሴን ጠልቻት?

ትርሲት፦ ታዲያ ለምን ነበር የምትፈላው?

ምንውዬለት፦ በእናትሽ ስንቅ ምክንያት ነዋ! ነፍሷን ይማረውና፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ቋጥራ “ስንቅ እያለ ሆቴል ከገባን፣ ሚስቱ ባለሙያ አይደለችም ይሉኛል” ትል ነበር። እናንተ ደግሞ ከሞጆ ጀምራችሁ “ጥብስ፣ ጥብስ” እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። በማን ልጨክን? በመኪናዋ አመካኘሁ።

ትርሲት፦ እማዬ አመነችህ?

ምንውዬለት፦ መጀመሪያ ሰሞን። ኋላማ “ምንውዬ፣ ዛሬ አትፈላም እንዴ?” እያለች የምትጠይቀኝ እሷው ሆነች።

ትርሲት፦ “እኔ አልበላም፣ አንድ ጉርሻ ብቻ” እያለች ትሪውን ባዶ የምታስቀረውስ! ጉበቱን ከፊቴ አንስታብኝ አልቅሻለሁ እኮ።

ምንውዬለት፦ ዘርፌ አይታሽ ሌላ አመጣችልሽ።

ትርሲት፦ አመጣችልኝ። መኪናው ሲያስመልሰኝም ፊቴን አጥባ ሎሚ ታስሸትተኝ ነበር...

ምንውዬለት፦ አየሽ!

ትርሲት፦ አላየሁም! በሎሚ አትደልለኝ። እናቴ ናፍቃኛለች፣ አባዬ።

ምንውዬለት፦ እኔንም ናፍቃኛለች። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ ልጄ። ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። ዘርፌም እናትሽን ልተካ አላለችም። ስንገናኝ የምናወራው ስለ እናትሽ ነው፤ ድንቁንም እናነሳለን።

ትርሲት፦ ከነቢላው?

ምንውዬለት፦ ከነቢላው! እሱን ሳነሳ ዛሬም ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋለሁ።

ትርሲት፦ እሺ፣ ገባሁ እንበል። ምን ብዬ ላመስግንህ? “ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ያንኮራፋል” ልበል?

ምንውዬለት፦ ማንኮራፋቱን ዝለይው።

ትርሲት፦ ሽማግሌ አይዋሽም።

ምንውዬለት፦ አይዋሽም፤ ግን የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ኧረ በሩ ላይ ወጣች! አየችን! ትርሲቴ፣ ካልሆነልሽ ንገሪኝና እንሂድ። አንቺን አስቀይሜ የማመጣት ሚስት የለችም።

ትርሲት፦ እንዲህ ላብ በላብ ሆነህ ነው የምንሄደው? በል ነጠላዬን ከኋላ አቀብለኝ።

ምንውዬለት፦ አብሬሽ ልግባ?

ትርሲት፦ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲገባ የት አይተሃል? እዚሁ ጠብቅ። እኔ እንደሆንኩ እትዬ ዘርፌ እሺ ሳትለኝ ወንበር ብትስብልኝም አልቀመጥም።