ጉድጓዱ ውስጥ የሚጋደም ጠፋ

ሽማግሌው ዜዙማ ሳኑ የወንድማቸው መቃብር ተቆፍሮ እንደሆነ ሊያዩ ሲወርዱ መንገድ ላይ ዬሮ ሲዲቤን አገኙት። ዬሮ ከወንዙ ማዶ ካለው የፉላኒ ሰፈር ነው፤ ቦቦ ጁላሶ ከተማ ድረስ ሄዶ የከብት ሕክምና ተምሮ የተመለሰ ወጣት። ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

“አላህ ያጽናዎት፣ አባባ።”

ጨዋነቱ ዜዙማን አሳዘናቸው። በዜዙማ ወገኖች በቦቦዎችና በከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎች መካከል መሰዳደብ የዝምድና ወግ ነው። ቦቦ ሲሞት ፉላኒዎቹ እየተሳደቡ ይመጡና ከሬሳው ቀድመው ጉድጓዱ ውስጥ ይጋደማሉ፤ ቆላ የሚባለው የሚታኘክ ፍሬ ካልተሰጣቸው አይነሱም። አልቃሹም ሳይወድ በግድ ይስቃል። ታጣቂዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው የዜዙማን የበኩር ልጅ ገበያ መሃል ከገደሉት ወዲህ ግን፣ ሽማግሌው ፉላኒ የተባለ ሁሉ ወንዙን እንዳይሻገር ከልክለዋል።

“ምን ፈልገህ መጣህ?”

“ነገ ቀብሩ ላይ እንድንገኝ ይፍቀዱልን።”

“ልጄን በልታችሁ ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ልትንፈላሰሱ? አታፍርም?”

“እነዚያው ሰዎች የእኔንም አጎት ከብቴን አልሰጥም ቢላቸው አርደውታል። ይህን ያውቃሉ።”

“አውቃለሁ። ግን የሚያወሩት በእናንተ ቋንቋ ነበር።”

“እውነት ነው፤ ከእኛም ልጆች ወስደዋል። በምን እንደሚያባብሏቸው ጠይቀው ያውቃሉ? ወንድሜን ሳምባን ‘እነዚህ ለቅሷቸው ላይ እንኳ አያስጠጉህም፤ ምን ትጠብቃለህ?’ ይሉታል። እኔ የምመልስለት አጣሁ፣ አባባ።”

የሳምባ ስም ሲነሳ ዜዙማ የድሮው ነገር ትዝ አላቸው። በሚስታቸው ቀብር ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ ተጋድሞ ልክ እንደ ዜዙማ እያንኮራፋ፣ “ምስኪን ሚስቱ! እንቅልፍ የምታገኘው ገና ዛሬ ነው” ያለው እሱ ነበር። በዚያ መከራ ቀን ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር።

“ቀብር ላይ ብንስቅ ጥይት ይቆማል?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ጥይትማ አይቆምም። ግን የእናንተ ጎረምሶችና እኛ ብንነጋገር ቀድመን እናውቃለን። ባለፈው ጎተራችሁ የተቃጠለ ዕለት እረኞቻችን ሰዎቹን ከቀትር ጀምሮ አይተዋቸዋል።”

“አይተው ዝም አሉ?”

“ማን ተሻግሮ ይንገር? እርስዎ ከልክለዋል።”

ሽማግሌው መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ጠላትን ያራቁ መስሏቸው የከለከሉት፣ ማስጠንቀቂያውንም ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው ወጣት ሲመለምል ብዙ አይደክምም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠሩለት እንዲህ በር የሚዘጉ ሰዎች ናቸው።

“ኑ” አሉ በመጨረሻ። “ሳምባን አስቀድመህ አምጣው። ቆላውን እኔው ይዤ እጠብቃለሁ።”

በማግስቱ ዬሮ ጥቂት ወጣቶች አስከትሎ መጣ። ሳምባ አልነበረም።

“የታለ ያ ወተት ሌባ?” አሉ ዜዙማ እንደ ወጉ።

“ትናንት እኔና እርስዎ ስናወራ ሞተር መጥቶ ወስዶታል። ወዶ ነው የሄደው።”

ከዚያ በኋላ የሚሳደብ ጠፋ። ዬሮ ወጉ እንዳይቀር ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተጋደመ፤ ሊያንኮራፋ ሞከረና ለቅሶ ቀደመው። ዜዙማ ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው አወጡት፤ ቆላውንም ሰጡት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

“ከዛሬ ጀምሮ ወንዙ ክፍት ነው። የመንደራችን የውሃ ጉድጓድም የጋራ ነው። ልጆቻችን አብረው ገበያ ይጠብቁ፣ ያዩትን ይነጋገሩ፤ የከፋው ልጅ ቢኖር እኛ ደጅ መጥቶ ይሳደብ። እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለውን ልጅ እናተርፍ ይሆናል። ሳምባን ግን በእኔ ግትርነት አጣነው።”

ሕዝቡ ቃላቸውን ተቀበለ፤ ደስ ያለው ግን አልነበረም። አፈሩ ሲመለስ ዜዙማ ዬሮን ጠጋ አሉት።

“አንድ ቀን ሞተሮቹ ሲመጡ ከኋላ የተቀመጠው እሱ ቢሆን፣ እኔ አውቀዋለሁ” አሉ። “እሱስ ያውቀኝ ይሆን?”