ድልድዩ ጋ የምትወርደው ልጅ

ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ለረዳቱ ድልድዩ ጋ እንዲያወርዳት ነገረችው። አጠገቧ ያሉት እናት ዞር አሉ።

«ቤትሽ እዚያ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ጃጁራ ነው። የቀረውን በእግሬ ነው የምሄደው፤ ሐኪም አዞኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

ልጅቷ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

«የወር አበባዬ አራት ወር ጠፋ፣ አገጬ ላይም ፀጉር ወጣ። የሆርሞን መዛባት ነው፤ ፒሲኦኤስ ይሉታል።»

«እኛ እኮ ፂም ያላት ሴት ኃይለኛ ናት ነው የምንለው።»

«ኃይለኛ ብሆንማ ለስላሳ መተው አያቅተኝም ነበር።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ግን መጀመሪያ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፣ ስኳር ቀንሺ አሉኝ። ጨርሶ ባይጠፋም ይስተካከላል።»

«ቆጮስ ተከለከልሽ?»

«አልተከለከልኩም፤ አታብዢ ነው ያሉኝ።»

«መውለድስ?»

«ብዙዎቹ ይወልዳሉ። የእኔም የወር አበባ ባለፈው ወር ተመልሶ መጣ።»

እናትዬው ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ።

«ምራቴ ተደብቃ አገጯን ስትላጭ አይቻታለሁ። እኔ ደግሞ አልወለደችም ብዬ ልጄን ሌላ አግባ እያልኩት ነው።»

«ኧረ እማማ፣ መጀመሪያ ትመርመር።»

«ረዳት፣ እኔንም ድልድዩ ጋ አውርደኝ። ሐኪሙ ያለበትን እየሄድን ትነግረኛለች።»

ሁለቱ ከወረዱ በኋላ፣ እኔም ከቤት ስወጣ አገጬን እንዲሸፍንልኝ የተጠቀለልኩትን ሻርፕ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት።