ሐረጎ ላይ ገና ያልነቃው ሹፌር

— ሄሎ... አዎ፣ የኢንዶስኮፒ ክፍል ነው። እስከዳር ነኝ፣ ነርሷ። ማን ልበል?... ጀማሉዲን? ጠዋት የመጣኸው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ?... እህ፣ ደህና ገባህ?

— የቱ ተራ?... ቆይ፣ አልገባኝም። ማነው ያልጠራህ?

— ጀማሉዲን፣ ተራህ እኮ አልፏል። ተሠርቶልሃል። ካሜራው በጉሮሮህ ገብቶ፣ ታይቶ፣ ወጥቶ፣ አንተም ነቅተህ ሄደሃል... ምን ብዬ እቀልድብሃለሁ?... እስቲ ግራ እጅህን እየው። ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበት የለም?... የማስተኛውን መርፌ የተወጋህበት ነው። ምራቅህን ስትውጥስ፣ ጉሮሮህ የሌላ ሰው ጉሮሮ አልመሰለህም?... አዎ። አየህ።

— አይ፣ አላበድክም። መድኃኒቱ ነው። ሰው ዓይኑን ገልጦ እያወራ፣ እየሳቀም፣ የሰማውን አይዘውም። ጠዋት ደጋግሜ የነገርኩህ ለዚህ ነበር... እሺ፣ እሱንም አታስታውሰውም።

— አሁን የት ነህ? ወንድምህ አጠገብህ ነው? ስልኩን ለበሺር ስጠው... እንዴት የለም? ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው ብለኸኝ እኮ ነው የለቀቅኩህ... ኮምቦልቻ? ፋብሪካ፣ ሥራ ላይ?... ታዲያ ማነው የሚነዳው?

— ይሄ የምሰማው ጡሩንባ የማነው?

— ሚስባህ — ሚስባህ፣ ዕቃ ማጠቡን ተወውና ና። ያ ሹፌር ብቻውን ነው የሄደው። እየነዳ ነው። የሚስቱ ስልክ ካርዱ ላይ አለ፣ ፈልገው —

— አለሁ ጀማሉ፣ አለሁ። ምን ይታይሃል አሁን?... ሐረጎ። ቁልቁለቱን ጀምረኸዋል?... እሺ።

— አውቃለሁ፣ ጥርስህን የነቀልክበት መንገድ ነው። ዓይንህን ጨፍነህም ትወርደዋለህ። እኔ የፈራሁት እሱን መጨፈንህን ነው።

— ምን ጭነሃል?... ድንች። ከኋላ ሰው አለ?... ጋቢናስ?... ብቻህን። እሱስ ተመስገን።

— አሁን ማርሽ ቀንስ። ፍሬኑን በአንዴ አትርገጠው። ተራራው በየት በኩል ነው ያለህ?... በቀኝ። ወደ ተራራው ተጠጋና ዳር ያዝ። ገደሉን አትየው... ጀማሉዲን?... አናግረኝ። ታላቋ ልጅህ ማን ትባላለች?... ሀኒ። ስንተኛ ክፍል ናት?... ጮክ በል፣ ድምፅህ እየራቀብኝ ነው።

— አልፏል አልኩህ እኮ... አዎ፣ ተራህ አልፏል፣ ተሠርቶልሃል። እሱን አሁን ተወው።

— ቆይ፣ ምን ኪኒን?... ማታ?... የእናትህን የእንቅልፍ ኪኒን? ለምን?... ፈርተህ። ጀማሉዲን፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠይቄህ ምንም የለም ነበር ያልከኝ... አይ፣ እሱ እኮ ነው መድኃኒት። ከኛው ጋር ተደርቦ ነው እንዲህ የሚያደርግህ።

— ቆምክ?... ወላሂ በል... ታዲያ ሞተሩ ይሰማኛል። ቁልፉን ንቀለው። የእጅ ፍሬኑን ሳበው... ሳብከው?... ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— ምንድነው ያ ድምፅ?... ጀማሉዲን?

— ሚስባህ፣ አገኘሃት?... ለፋጡማ ሌላ ምንም አትበላት። ባለቤትሽ ሐረጎ ላይ ቆሟል፣ ቶሎ ውጪ ብቻ በላት። አምቡላንስም ጥራ —

— ሄሎ... ማን ልበል?... አትጠገብ። እማማ አትጠገብ፣ ስልኩን ከየት አገኙት?... ከእጁ ወድቆ። እሱስ?... መሪው ላይ ተደፍቶ። መኪናው የት ነው?... ገደሉ ጫፍ?... እኔ በተራራው በኩል ነበር ያልኩት።

— ገደሉ ላይ የተንጠለጠለው አንድ የፊት ጎማ ነው ወይስ ሁለቱም?... አንዱ። እናቴ፣ ወንዶች አሉ እዚያ?... ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ትልልቅ ድንጋይ ያስገቡበት። እሱ ሳይደረግ ማንም መኪናው ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ በተራራው በኩል ባለው በር ቀስ ብለው ያውጡት... አዎ፣ እጠብቃለሁ። ስልኩን አይዝጉት።

— እግዚኦ... አይ ሚስባህ፣ ላንተ አይደለም።

— ወጣ?... ይተነፍሳል?... ያንኮራፋል። ጥሩ፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ፊቱን ዘንበል አድርገው... ውሃ እንዳይሰጡት። አይ እናቴ፣ ጠበልም ቢሆን። ጉሮሮው ገና ደንዝዟል፣ ወደ ሳንባው ይገባበታል... ሰክሮ አይደለም። ጫትም አይደለም። ሕክምና ላይ ነበር፣ ማስተኛ ተወግቶ ነው። እስከ ነገ መሪ መንካት አልነበረበትም፣ ብቻውንም ከዚህ መውጣት አልነበረበትም... እኔንማ ዋሽቶኝ ነው። ሥራ እንዳይቀርበት ነው መሰለኝ።

— ዓይኑን ገለጠ? ምን ይላል?... ይስጡኝ እስቲ።

— ጀማሉዲን። አብሽር፣ ተርፈሃል... ድንቹ ይቅርብህ። አትነሳ። ፋጡማ እየመጣችልህ ነው... የት እንዳለህ ታውቃለህ?... ዛሬ ምን ቀን ነው?... አዎ። አሁን ነቅተሃል።

— ምኑን?... ዶክተሩ ያየውን?... እሱን ፋጡማ ስትኖር ይሻላል፣ አብራችሁ ኑና እሱ ራሱ...

— ማን ነገረህ?... «ቁስል» የምትለዋን ቃል ብቻ። ከዚያ ሁሉ እሷን ያዝካት።

— እሺ። እሺ፣ እነግርሃለሁ። ድንጋዩን ተደገፍ... እማማ አትጠገብ አጠገብህ ናቸው?... እህል አልወርድ የሚልህ ቦታ ላይ ቁስል አለ። ዶክተሩ ትንሽ ናሙና ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ልኳል። ውጤቱ ሳይመጣ ማንም እንዲህ ነው አይልም። ግን መልኩን አልወደደውም... አዎ። አልወደደውም ነው ያልኩህ።

— ነግሮሃል። እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። «አላህ ያውቃል» ብለህ ራስህን ነቀነቅክ፣ ጫማህን አሰርክ፣ ሳቅ ብለህ ወጣህ... አይ ወንድሜ፣ ጀግንነት አልነበረም። ገና አልሰማኸውም ነበር።



— አለሁ... አልሄድኩም... አልቅስ፣ ምን አለበት።

— ሄሎ፣ እናቴ?... ይተዉት። አያባብሉት፣ አጠገቡ ብቻ ይቀመጡ... ይቅርታ እናቴ፣ በሌላኛው ስልክ ሚስቱ እየደወለች ነው... አዎ፣ ፋጡማ። ምን ሆኖ ነው ልትለኝ ነው። እሷ ገና ምንም አልሰማችም... እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልዝጋ።