ብቻውን ቀፎ የሚሰቅል የለም

ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚኒባስ ስንመጣ ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ነበርን፤ ማር ቆራጩ ጋሽ ወልዴ፣ ቅርጫት የታቀፉት እትዬ አስቴር እና እኔ። ቦንጋ ልንገባ ስንል ጋሽ ወልዴ "ወራጅ አለ" አሉ።

"ሆስፒታል ነው የምሄደው አላሉኝም እንዴ?" አሉ እትዬ አስቴር።

"ብዬ ነበር። ዛፍ ላይ ቀፎ ስሰቅል ወድቄ ጭንቅላቴ ከተመታ ወዲህ ነገር አልይዝም። ሐኪሞቹ አረቄ እንዳቆም የሚመክሩኝን ስወጣ በሩ ላይ ስደርስ እረሳዋለሁ። አፈርኩ።"

"አረቄ ቤቱን ግን አይረሱትም።"

"እሱንማ እግሬ ያውቀዋል።"

"በአጭሩ ንገሩኝ፣ ጻፉልኝ ብለዋቸዋል?"

"ሰነፍ ነው እንዳይሉኝ ዝም አልኩ።"

"ቀፎ ሲሰቅሉ ከታች ገመድ የሚይዝልዎት ማነው?"

"የሚስቴ ወንድም፣ ገብሬ።"

"ታዲያ ሆስፒታል ለምን ብቻዎን ይገባሉ? እርስዎ የረሱትን እሱ ያስታውሳል።"

"እሱም እኮ ይጠጣል።"

"ደግ ነዋ፤ አብራችሁ ትታከማላችሁ።"

ጋሽ ወልዴ እየሳቁ ስልክ ደወሉ። "ገብሬ፣ ቦንጋ ና። የለም፣ ለቀፎ አይደለም፤ ሆስፒታል አብረኸኝ ገብተህ ትሰማልኛለህ።"

ረዳቱ በሩን ከፍቶ "አባባ፣ ወራጅ ብለው አልነበር?" አላቸው።

"ረስቼዋለሁ፤ ዝጋውና እንሂድ።"

የእኔ መውረጃ ገበያው ጋ ነበር፤ ገብሬ እስኪመጣ እንዳይረሱት ብዬ ሆስፒታሉ በር ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።